ራሱን ተመትቶ ለተቀየረ ልጅ የትኛው ምርመራ ይቅደም? ለድሬዳዋና ለሐረር ወላጆች የንጽጽር መመሪያ

«ሲቲ ስካን ተነሣ፤ ምንም የለውም ተባልን። ግን ልጁ የድሮው ልጅ አይደለም።»

ይህን ቃል ድሬም ሐረርም ከብዙ ወላጅ አፍ ትሰሙታላችሁ። ልጁ ከባጃጅ ወድቆ፣ ኳስ ሲጫወት ከጓደኛው ጋር ራስ ለራስ ተጋጭቶ ወይም ከግንብ ላይ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል። ቁስሉ ድኗል፤ ስፌቱ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ግን ይረሳል። በትንሽ ነገር ቱግ ይላል። ደብተር ሲከፍት ራሱን ያመዋል። በክፍሉ ደረጃ ይወጣ የነበረው ልጅ አሁን የቤት ሥራ ጨርሶ ማስረከብ ተስኖታል።

እዚህ ላይ ምክር ይበዛል። አንዱ «ኤም አር አይ ይነሣ» ይላል፣ ሌላው «አዲስ አበባ ውሰዱት»። «ጫት ጀምሮ ነው» የሚልም አለ። አክስት ፀበል ትላለች፣ ጎረቤት ቁርአን ይቀራበት ይላል። ሁሉም ለልጁ አስበው ነው። ገንዘቡና የልጁ አቅም ግን ውስን ናቸው።

እያንዳንዱ ምርመራ የሚመልሰው ጥያቄ የተለያየ ነው። ብዙ ቤተሰብ ሲደክም የማየው ጥያቄውን ሳይለይ መሣሪያ ስለሚመርጥ ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ከውዱ መሣሪያ በፊት በደንብ የተጻፈ ታሪክና ጊዜ ወስዶ የሚመረምር ሐኪም ይቅደም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች አሳያለሁ።

## ማወዳደር የማያስፈልግበት ጊዜ

ከእነዚህ አንዱ ከታየ ይህን ጽሑፍ ዘግታችሁ ልጁን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፦ ደጋግሞ ማስታወክ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ ለመንቃት መቸገር፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ ንግግር መኮላተፍ፣ ሰው አለመለየት፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ወይም ደም መውጣት። ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል አለ። ሐረር ላይ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ሕይወት ፋና አለ። «ይደር፣ ጠዋት እናያለን» የሚባልበት ነገር አይደለም።

ልጁ ራሱን የመጉዳት ወይም የመሞት ወሬ ካነሣ እሱም በዚያው ቀን የሚታይ ነው።

## በምን እንመዝናቸው?

አምስት መመዘኛ ይዤ ነው የምሄደው። የመጀመሪያው የሚመልሰው ጥያቄ ነው፦ ደም ፈስሷል ወይ? የሚጥል በሽታ ነው ወይ? ትኩረቱ ነው ወይስ ማስታወሱ የተጎዳው? ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሕይወት የሚያድን ምርመራ በሦስተኛው ወር ብዙም የማይነግረን ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው «ምንም የለም» የሚል ውጤት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ነው። አራተኛው ወጪና መንገድ ሲሆን የልጁም ድካም እዚህ ውስጥ ይቆጠራል።

አምስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ውጤቱ ቀጣዩን እርምጃ ይቀይራል ወይ? ምርመራ ሲታዘዝላችሁ ሐኪሙን «ይህ ቢገኝ ምን እናደርጋለን፣ ባይገኝስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ ጥሩ ሐኪም ደስ ብሎት ይመልሳል።

## ታሪክና የሐኪም ምርመራ

ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ጤና ጣቢያ ላይም ሊጀመር ይችላል፤ ብዙ መልስ የሚገኘውም ከዚሁ ነው። የሚሳካው ግን ወላጅ ተዘጋጅቶ ከሄደ ነው።

ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ «ጠባዩ ተበላሸ» ማለት ብዙ አይረዳም። አንድ ደብተር ያዙና ለሁለት ሳምንት ያህል የምታዩትን ብቻ ጻፉ። እንዲህ ያለ ነገር፦

«ቅዳሜ። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣ። ዳቦና ስኳር ግዛ ብዬ ላክሁት፤ ሱቅ ደርሶ ምን ነበር ብሎ ደወለ። 8 ሰዓት ላይ ራሴን አለ፣ ተኛ። ማታ እህቱ ቴሌቪዥን ስትከፍት ጮኸባት፣ ቆይቶ አለቀሰ።»

ይህች አራት መስመር ብዙ ትናገራለች። መልእክት አይያዝለትም። ከቀትር በኋላ ይደክማል። ድምፅ አይችልም። ስሜቱን መግታት ይቸግረዋል፣ ግን ይጸጸታል። ሐኪሙ በዚህ ላይ ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ጾምና ረመዳን ከሆነ እሱንም ጻፉ። ድሬዳዋ በሙቀት ወራት ውኃ ያልጠጣ፣ ሌሊትም በወበቅ ያልተኛ ልጅ ያለ ምንም አደጋም ራሱን ያመዋል።

ሐኪሙ ስለ አደጋው ጊዜም ይጠይቃል። ራሱን ስቶ ነበር? ለስንት ደቂቃ? ከአደጋው በፊትና በኋላ የማያስታውሰው ጊዜ አለ? የመጀመሪያው ሆስፒታል ወረቀት ካለ ላዩ ላይ ከ15 የተሰጠ የንቃት ነጥብ ይኖራል። ከ13 እስከ 15 ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ ከ3 እስከ 8 ከባድ ጉዳት ይባላል። ነጥቡ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ይገልጻል። «ቀላል» የተባለለት ልጅም ለሳምንታት ሊቸገር ይችላል፤ ስለዚህ «ቀላል ተብሎ የለ እንዴ፣ አስመስሎ ነው» አትበሉት።

ከዚያ ሚዛኑ፣ የዓይኑ እንቅስቃሴ፣ የእጅና የእግሩ ጉልበት ይታያል። ትንንሽ የአእምሮ ፈተናዎችም አሉ። አምስት ቃል ነግሮ ከደቂቃዎች በኋላ ማስደገም። 4፣ 9፣ 3 ብሎ ከኋላ ወደ ፊት ማስባል። ወራትን ወደ ኋላ ማስቆጠር፤ ለእኛ ልጅ ይህ ከጳጉሜን ተነሥቶ ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ እያለ እስከ መስከረም ነው። ሲሳሳት ብቻ ሳይሆን ሲዘገይ፣ መሐል ላይ የት እንደደረሰ ሲጠፋው ማየቱ ነው ዋናው።

ፈተናው ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ ይሁን። በከተሞቻችን ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚናገር፣ ጁገል ውስጥ በጌይ ሲናን ያደገ፣ ትምህርቱን ግን በሌላ ቋንቋ የሚማር ልጅ ብዙ ነው። በማይደላው ቋንቋ ተፈትኖ «የማስታወስ ችግር አለበት» ቢባል ስለ አንጎሉ ምንም አላወቅንም። እናንተ ራሳችሁ ተናገሩ፦ «ዶክተር፣ በኦሮምኛ ቢጠየቅ ይሻላል።»

ሌላ ልትታዘቡት የምትችሉት ነገር ማሽተት ነው። ቤት ውስጥ ቡና ሲቆላ አይሸተውም? ወጥ ጣዕም አጣብኝ ይላል? ከራስ ጉዳት በኋላ ማሽተት መጥፋት አንዳንዴ የፊተኛው የአንጎል ክፍል አካባቢ መመታቱን ይጠቁማል። ቁጣን መግታትና ማቀድ ላይ ትልቁን ሥራ የሚሠራውም ይኸው ክፍል ነው። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ ራሳችሁ አንሡት።

ይህ መንገድ ጉድለት አለው። ወረፋ በሚበዛበት ክፍል ሐኪሙ ለአንድ ልጅ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ደብተሩ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

## ሲቲ ስካን

በደቂቃዎች ያልቃል። ደም መፍሰስንና የራስ ቅል ስብራትን ለማየት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተወዳዳሪ የለውም። ሕይወት ያድናል።

ሆኖም የአንጎል መናወጥ በአብዛኛው በሲቲ አይታይም። ጉዳቱ ያለው በሴሎቹ አሠራርና በቀጫጭን የነርቭ ክሮች ላይ ነው። ስለዚህ «ሲቲው ንጹሕ ነው» ሲባል «አሁን ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ ነገር አልታየም» ማለት ነው። የልጁን መርሳትና መቆጣት አይክድም።

ሁለት ወር ቆይቶ፣ አዲስ ምልክት ሳይኖር «እስቲ ይደገም» ማለትን አልመክርም። ጨረር አለው፤ አንድ የራስ ሲቲ ወደ 2 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ይጠጋል። ብዙ ባይሆንም ለታዳጊ ልጅ በከንቱ የሚሰጥ አይደለም። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም አንድ ጎኑ ከዛለ ግን ይደገም፤ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም ሊኖር ይችላል።

## ኤም አር አይ

ሲቲ ያለፋቸውን ጥቃቅን የደም ነጥቦችና የተበጠሱ የነርቭ ክሮች ምልክት ሊያሳይ ይችላል። ጨረር የለውም። ወጪው ግን ከፍ ይላል፣ ልጁም ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀስ ኃይለኛ ድምፅ ውስጥ መተኛት ሊኖርበት ነው። ድምፅ ለሚያሳምመው ልጅ ይህ ቀላል አይደለም። የጆሮ መሸፈኛ ጠይቁ፣ በሰውነቱ ውስጥ ብረት ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ማዘዣው ላይ «ራስ ምታት» ብቻ ተጽፎ ከሆነ አስተካክሉ። «ከዚህ ቀን የራስ ጉዳት በኋላ የጠባይና የማስታወስ ለውጥ» ተብሎ ይጻፍ። ጥቃቅን ደም የሚያሳየው የአነሣስ ዓይነት የተለየ ስለሆነ አንሺው የሚፈልገውን ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው ጉዳት መካከለኛ ወይም ከባድ ከነበረ፣ የሚጥል ነገር ከመጣ ወይም ሐኪሙ በምርመራው የነርቭ ምልክት ካገኘ ገንዘቡ ይገባዋል። ቀላል ጉዳት ደርሶበት ሦስተኛ ሳምንቱን ለያዘና በየሳምንቱ ለሚሻለው ልጅ ግን ማሳደጃ ከብት ሸጦ ኤም አር አይ ማስነሣት አያስፈልግም። ይህም ምርመራ ንጹሕ ሊወጣና ልጁ እውነተኛ ችግር ሊኖረው ይችላል።

## ኢኢጂ

የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ይመዘግባል። አያምም፤ ከኤም አር አይ ጋር ሲነጻጸርም ወጪው ያነሰ ነው። የሚመልሰው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ የሚጥል በሽታ ዝንባሌ አለ ወይ?

መውደቅና መንፈራገጥ ብቻ አይደለም የሚጥል በሽታ። ልጁ በወሬ መሐል ዓይኑ ፈጥጦ ይቀራል፣ ከንፈሩን ያላምጣል፣ ሲጠሩት አይሰማም፣ ከደቂቃ በኋላ ግራ ተጋብቶ ይመለሳል። መምህሩ «ሐሳቡ ይሄዳል» ይለዋል። ከራስ ጉዳት በኋላ እንዲህ ያለው ነገር ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊጀምር ይችላል። ሲመጣበት በስልካችሁ ቅረጹት። ያ ቪዲዮ ለነርቭ ሐኪም ከኢኢጂው ያልተናነሰ ዋጋ አለው፤ በአንዱ መፍዘዝና በሌላው መካከል ባለው ጊዜ የተነሣ ኢኢጂ ንጹሕ ሆኖ በሽታው ሊኖር ይችላልና። ሌሊት እንቅልፍ አሳጥታችሁ አምጡት ከተባላችሁ አክብሩት፤ የማግኘቱን ዕድል ከፍ ያደርገዋል።

የመፍዘዝ ነገር ከሌለ «ለማንኛውም» ብሎ ኢኢጂ ማስነሣት አይጠቅምም። ጠባይንና ማስታወስን አይለካም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይግባ። ለራስ ምታቱ ከፋርማሲ በራሳችሁ ትራማዶል አትግዙለት። የሚጥል በሽታን ሊቀሰቅስ ይችላል። ፓራሲታሞልም ቢሆን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ራሱ የራስ ምታት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

## የአእምሮ ብቃት ግምገማ

ኒውሮሳይኮሎጂ የሚባለው ነው። «ልጄ ምን ሆነ?» ለሚለው የወላጅ ጥያቄ ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ነው። የሚያሳዝነው ማግኘቱ ነው። ሙሉውን ግምገማ የሚሠራ ባለሙያ በአገራችን ብርቅ ነው።

ለምን እንደምወደው ልንገራችሁ። «ይረሳል» የምንለው ነገር ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ልጅ መጀመሪያውኑ አልሰማም፤ ትኩረቱ ነው የተጎዳው። ሌላው ሰምቷል፣ ግን አልተቀመጠለትም። ሦስተኛው ተቀምጦለታል፣ ለማውጣት ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ምርጫ ስትሰጡት ወይም ስትጠብቁት ያገኘዋል። ሦስቱም ቤት ውስጥ አንድ ይመስላሉ። እርዳታቸው ግን ለየቅል ነው። ለመጀመሪያው ጸጥ ያለ ቦታና አጭር ትእዛዝ፣ ለሁለተኛው ማስታወሻና ድግግሞሽ፣ ለሦስተኛው ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት። ይህን መለየት የሚችል ፎቶ የለም።

ለሰዓታት ይቆያል፤ ስለዚህ በሁለት ቀን ቢከፈል ለሚደክመው ልጅ ይሻላል። ብዙዎቹ ፈተናዎች በውጭ አገር ልጆች ላይ ተመዝነው የተዘጋጁ በመሆናቸው ነጥቡን ብቻ ይዞ መፍረድ አደገኛ ነው። እዚህ ላይ የሚረዳው ልጁን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው፤ ከአደጋው በፊት የነበሩትን የሁለት ዓመት ካርዶች፣ ደብተሮችና የመምህር አስተያየት ይዛችሁ ሂዱ።

የሚሠራው ችግሩ ከአራት ሳምንት በላይ ሲቆይ ነው። ከባድ ጉዳት ከነበረ ከወራት በኋላ ተሠርቶ በዓመቱ ቢደገም ጥሩ ነው። ምክንያቱም የፊተኛው አንጎል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ያድጋል። በ12 ዓመቱ የተጎዳ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ላይ ደኅና መስሎ ትምህርቱ ሲከብድ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሊወድቅ ይችላል። ያኔ ሰነፍ ይባላል፤ የድሮውን አደጋ የሚያስታውስ የለም።

ሙሉው ካልተገኘ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ወይም በሥነ አእምሮ ባለሙያ የሚሠራ አጭር ግምገማና የመምህሩ ጽሑፍ አንድ ላይ ብዙ ርቀት ይወስዳሉ።

## የሥነ አእምሮ ግምገማ

እዚህ ላይ ቤተሰብ ይሸሻል። «ልጄ አላበደም» ይባላል። ማንም አላለም። ከአደጋ በኋላ ድብርት፣ ጭንቀት፣ የአደጋው ትዝታ እየመጣ ማስደንገጥ የተለመዱ ናቸው። ባጃጅ ላለመሳፈር የሚያለቅስ፣ ሌሊት በቅዠት የሚነቃ ልጅ በቀን ትኩረት ከየት ያመጣል? ከአንጎል ጉዳቱ ጋር ተደራርቦም ሊኖር ይችላል። ሁለቱም ይታከማሉ።

የጫትንም ነገር በግልጽ እናውራው፤ አወዳይ ከሁለቱም ከተሞቻችን ቅርብ ነው። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፣ ምርቃናው ሲወርድ ያበሳጫል፣ ሐራራውም ትኩረት ይበትናል። ከራስ ጉዳት ምልክት ጋር ይመሳሰላል። ግን «ጫት ነው» ብሎ መዝገብ መዝጋት ስሕተት ነው። ከአደጋው በኋላ አእምሮው የዘገየበት ልጅ «ሲቅሙ ይነቃሉ» ብሎ ሊጀምረው ይችላል። ጥያቄው መቼ ጀመረ የሚለው ነው፤ ከአደጋው በፊት ወይስ በኋላ? ባለሙያው ልጁን ብቻውን የሚያናግርበት ጊዜ ስጡት። አባት አጠገቡ ተቀምጦ እውነቱን አያወጣም።

ፀበልም ዱዓም ለቤተሰቡ ብርታት ናቸው፤ ከሕክምናው ጎን ይሂዱ። የማልስማማው የታዘዘ መድኃኒት፣ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ በዚያ ምክንያት ሲቋረጥ ነው።

## የደም፣ የዓይንና የጆሮ ምርመራ

የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ርካሽ ነው፣ ይሠራ። ከባድ ጉዳት ከነበረና ልጁ ሁልጊዜ የሚደክመው፣ ዕድገቱ ወይም ጉርምስናው የቆመ፣ የወር አበባዋ የቀረባት ከሆነ አንጎል ሥር ያለችው የፒቱታሪ እጢ ሆርሞኖች መታየት አለባቸው። ዓይንና ጆሮም ይታዩ፤ አንድ ጆሮው ያልሰማ ልጅ «አልሰማ አለ» ተብሎ ይቀጣል።

## በአጭሩ ሲታይ

| ምርመራ | የሚመልሰው ጥያቄ | የሚያመልጠው | መቼ | ወጪና መንገድ |
|---|---|---|---|---|
| ታሪክና የሐኪም ምርመራ | ምን ተቀየረ? ወዴት እንሂድ? | ጥቃቅን የአእምሮ ጉድለት | ሁልጊዜ፣ መጀመሪያ | ዝቅተኛ፣ ቅርብ |
| ሲቲ ስካን | ደም ወይም ስብራት አለ? | የአንጎል መናወጥ፣ የክር ጉዳት | የመጀመሪያ ሰዓታት፣ ወይም ሲብስ | መካከለኛ |
| ኤም አር አይ | የተደበቀ ጉዳት አለ? | የአሠራር ችግር፣ ጠባይ | ጉዳቱ ከባድ ሲሆን ወይም የነርቭ ምልክት ሲኖር | ከፍተኛ |
| ኢኢጂ | የሚጥል በሽታ ነው? | ማስታወስ፣ ስሜት | መፍዘዝ ወይም መንቀጥቀጥ ሲኖር | ከኤም አር አይ ያነሰ |
| የአእምሮ ብቃት ግምገማ | የቱ ችሎታ ተጎዳ? | የጉዳቱ ቦታ በምስል | ከ4 ሳምንት በኋላ | ብርቅ፣ ጊዜ ይወስዳል |
| የሥነ አእምሮ ግምገማ | ድብርት፣ ፍርሃት፣ ሱስ አለ? | የአንጎል አካላዊ ጉዳት | ስሜት ሲለወጥ ወዲያው | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ደም፣ ዓይን፣ ጆሮ | ሌላ ቀላል ምክንያት አለ? | የቀረውን ሁሉ | ሲቆይ | ዝቅተኛ |

## ለማን የትኛው?

አደጋው ከደረሰ አራት ሳምንት ካልሞላውና እየተሻለው ከሆነ ታሪክና የሐኪም ክትትል ይበቃል። ከአንድ ሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ትምህርት ይመለስ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ለሳምንት መዝጋት አይጠቅምም። ኳስ ግን ሐኪም ካልፈቀደ የለም፤ ያልዳነ አንጎል ላይ ሁለተኛ ምት አደገኛ ነው።

አራት ሳምንት አልፎ ትምህርቱ ከወረደ ሐኪሙ በድጋሚ ይየው፣ ዓይን፣ ጆሮና ደም ይታዩ፣ ከዚያ የአእምሮ ብቃትና የሥነ አእምሮ ግምገማ። አብዛኛው ታዳጊ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስለሚያገግም የቀረው ልጅ በቁም ነገር መታየት አለበት።

ከፈዘዘ ወይም ከተንቀጠቀጠ የነርቭ ሐኪምና ኢኢጂ ይቅደሙ።

ራሱን ስቶ ለቀናት የተኛ ልጅ ከሆነ ኤም አር አይ፣ የሆርሞን ምርመራና ሙሉ ግምገማ ይገባዋል። አዲስ አበባ መሄድ የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው። ጥቁር አንበሳ የነርቭ ሕክምናና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍሎች አሉት፤ ዋናው ችግር ሥነ አእምሮ ከሆነ አማኑኤል አለ።

በጀቱ ጠባብ ለሆነበት ቤት የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ሪፈር ሳይጻፍ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ሽፋኑን ሊያሳጣችሁ ይችላል። የተሽከርካሪ አደጋ ከነበረ የፖሊስ ማስረጃውንና ደረሰኙን ሁሉ ያዙ፤ ለሦስተኛ ወገን መድን ያስፈልጋል። ከድሬ ሐረር በደንገጎ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመነሣታችሁ በፊት ማሽኑ በዕለቱ እየሠራ መሆኑን ደውላችሁ አረጋግጡ። ጠመዝማዛው መንገድ ለሚያዞረው ልጅ ከባድ ነው፣ በጠዋት ተነሡ።

መካከለኛ አቅም ካላችሁ ተጨማሪውን ብር ከኤም አር አይ ይልቅ ግምገማው ላይ አውሉት፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ምልክቶች ከሌሉ ማለቴ ነው።

ምርመራው እስኪያልቅ ትምህርት ቤቱ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ሐኪሙን አንድ ደብዳቤ ለምኑት። ይዘቱ አጭር ነው፦ ግማሽ ቀን መማር፣ በየክፍለ ጊዜው መሐል ዕረፍት፣ ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት፣ ፊት ለፊት መቀመጥ፣ ስፖርት የለም። አንዱን ኮፒ ለክፍል ኃላፊው፣ አንዱን ለርእሰ መምህሩ ስጡ። ቀን ይጻፍበት፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ልጁ እንደገና ታይቶ ይታደሳል ወይም ይቀራል።